በጠመንጃ ላይ የሚገጠም የሌሊት መብራት፦ በሴንትራል ኦታጎ አንድ የወይን እርሻ ላይ የተደረገ የጥንቸል አደን የጉዳይ ጥናት

በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት፣ በሴንትራል ኦታጎ፣ ከአሌክሳንድራ ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ የወይን እርሻ ላይ፣ በጸደይ የተተከሉ፣ ፒኖ ኗር የተባለው የወይን ዝርያ ችግኞች ክረምቱ ሲገባ ከግንዳቸው ሥር ቅርፊታቸው ዙሪያውን እየተላጠ መድረቅ ጀመሩ። የዚያ አገር ክረምት በወር አቆጣጠር ከእኛው ጋር፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ቢገጥምም ይዞት የሚመጣው ውርጭ ነው። አሌክሳንድራ በዓመት ከ400 ሚሊ ሜትር በታች ዝናብ የምታገኝ፣ ከኒውዚላንድ እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ሥፍራዎች አንዷ ስትሆን፣ ሣሩ በሚጠፋበት በዚህ ወቅት ጥንቸል ያገኘውን ለስላሳ ቅርፊት ሁሉ ይግጣል። በስለት የተቆረጠ የሚመስለው የቅርንጫፎቹ ሰያፍ ጫፍና በረድፎቹ መካከል የተበተነው ድቡልቡል ፍግ ሌላ ተጠርጣሪ መፈለግ እንዳያስፈልግ አድርገው ነበር።

እርሻው ከሌሎች መከላከያዎች ጎን የሌሊት አደንን ለመጨመር ሲወስን፣ ለጠመንጃው የሚሆን መብራት መርጦ መግጠም የአንድ ከሰዓት በኋላ የዕቃ ግዢ ብቻ መስሎ ታይቶ ነበር። በተግባር ግን መብራቱ ተገዝቶ፣ ተቀይሮ፣ እንደገናም ተቀይሮ፣ በመጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ከቀደሙት ሁለቱ በተለየ ሐሳብ የተመረጠው ሆነ። ጉዳዩን የተከታተልኩት የእርሻውን የሥራ ደኅንነት አሠራር እንድመለከት ተጠይቄ ስለነበር ነው፤ የእርሻውና የሠራተኞቹ ስም አልተጠቀሰም።

አካባቢውና ግዴታው

ጥንቸል ለኒውዚላንድ ባዕድ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጀምሮ ሰፋሪዎች ለሥጋና ለአደን ካመጡት በኋላ፣ በደቡቡ ደረቅ መሬት እንደ ወረርሽኝ ተዛምቶ መንግሥት በ1876 የጥንቸልን ጥፋት የሚመለከት ሕግ እስከማውጣት አድርሶታል። በ1997 ገበሬዎች ተስፋ ቆርጠው ጥንቸልን በደም መፍሰስ የሚገድለውን ቫይረስ ያለመንግሥት ፈቃድ ወደ አገሪቱ አስገቡ፤ በ2018 ደግሞ ኬ5 የተባለው የዚያው ቫይረስ ዝርያ በይፋ ተለቀቀ። ቫይረሱ ቁጥሩን ቢቀንስም አይጨርሰውም። የተረፉት በሽታውን የመቋቋም አቅም ያዳብራሉ፤ ሴቷ ጥንቸል ደግሞ የምታረግዘው 30 ቀን ያህል ብቻ ሲሆን በወለደች ማግስት እንደገና ልታረግዝ ትችላለች።

በኦታጎ ባለይዞታ ሁሉ በመሬቱ ላይ ያለውን የጥንቸል ብዛት ከ1 እስከ 8 በሚደርሰው የማክሊን መለኪያ ከ3 እንዳይበልጥ የማድረግ ግዴታ አለበት። ደረጃ 3 ማለት፣ በግርድፉ፣ አልፎ አልፎ አንድ ጥንቸል የሚታይበትና የፍግ ክምሮቹ በአማካይ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ተራርቀው የሚገኙበት መሬት ነው። በዚህ እርሻ የምሥራቁ ክፍል ክምሮቹ ከዚያ የተቀራረቡ ስለነበሩ፣ የችግኙ ጥፋት ባይኖር እንኳ አንድ ነገር መደረግ ነበረበት።

ጥንቸልን የሚያጠፋው ጠመንጃ ነው የሚል እምነት በብዙ እርሻዎች አለ፤ እኔ አልስማማበትም። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እስከ መሬት ውስጥ የገባ የሽቦ አጥር፣ በጉድጓድ ውስጥ የሚለቀቅ የጭስ መርዝ እና በባለሙያ የሚሰጥ መርዛማ ምግብ ናቸው። የሌሊት አደን የሚጠቅመው እነዚህ ካለፉ በኋላ የተረፉትን ለመልቀም ነው። መብራቱ ሲመረጥ ይህ መታወስ ነበረበት፤ የተፈለገው የተበታተኑ ጥቂት እንስሳትን በቅርብ ርቀት ለይቶ በአንድ ጥይት መግደል የሚያስችል መብራት ነበርና።

መሬቱ ራሱ ብዙ ነገር ይወስን ነበር። እርሻው በክሉታ ወንዝ ደረጃማ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ በምሥራቅ በኩል ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ አለው፤ ከግድግዳው በላይ የቀድሞ ወርቅ ፈላጊዎች ትተውት ሄዱ የሚባለው ጦስኝ ኮረብታውን አልብሶታል። በምዕራብ የጎረቤት የበግ ግጦሽ፣ ከዚያም 300 ሜትር ያህል ርቆ መኖሪያ ቤት፣ በደቡብ ደግሞ የሕዝብ መንገድ ይገኛል። አፈሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበዛበታል፤ ፍጥነቱ ዝቅ ያለው የ.22 ጥይት (ስፋቱ 0.22 ኢንች ያህል የሆነው ትንሽ ጥይት) ደግሞ ድንጋይ ሲነካ ነጥሮ በመሄድ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ጥይት ወደ ላይ ሲተኮስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ መቻሉ ሲታሰብ፣ ጠመንጃው ሊዞር የሚችልበት አቅጣጫ ከካርታው ላይ ሲቀነስ የቀረው የምሥራቁ ግድግዳና በሰሜን ያለው ዳገት ብቻ ነበር።

በሕጉ በኩል ተኳሹ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ነበረው፤ በጠመንጃ ላይ ድምፅ መቀነሻ ማሰርም በኒውዚላንድ የተፈቀደና የተለመደ ነው። በመንግሥት የጥበቃ መሬቶች ላይ በሌሊት ማደን የተከለከለ ሲሆን፣ በግል እርሻ ግን በባለቤቱ ፈቃድ ይቻላል። በመኖሪያ ቤት ወይም በሕዝብ መተላለፊያ አጠገብ ሰውን አደጋ ላይ በሚጥል፣ በሚያውክ ወይም በሚያስፈራ አኳኋን መተኮስ ግን ወንጀል ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጉዳዩ መሐል ገባ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መብራቶች

ተኳሹ ከእርሻው ቋሚ ሠራተኞች አንዱ ነበር፤ ጠመንጃው ደግሞ በእጅ የሚቀባበል፣ ድምፅ መቀነሻ የታሰረለትና ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር ያለው .22 ነበር። የመጀመሪያውን መብራት የመረጠው በማሸጊያው ላይ በትልቁ በተጻፈው 1,200 ሉመን ነው። አጭርና ጠንካራ የእጅ ባትሪ ስለነበር፣ ከጠመንጃው የእንጨት እጀታ ሥር በሐዲድ ላይ ገጠመው።

መብራቱ በርቶ ሳለ የሚታየው ነገር ማንንም የሚያሳስት አልነበረም፦ ቅርቡ ሁሉ ቀን ሆነ። በወይን እርሻ ግን ቅርቡ ማለት ሽቦ ነው። ረድፎቹን የሚደግፉት በዚንክ የተለበጡ ሽቦዎች፣ የብረት ቋሚዎችና የጠብታ መስኖው ቱቦ ማሰሪያዎች ብርሃኑን ተቀብለው ወደ ተኳሹ ዓይን መልሰው ይረጩት ነበር፤ መብራቱ ከታች ስለተገጠመ ደግሞ ከፊቱ ያለው ውርጭ የያዘው ሣርና የድምፅ መቀነሻው ሆድ አብረው አበሩ። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው ነጭ ጭጋግ ነበር፤ ከጭጋጉ ወዲያ፣ ጥንቸሉ ባለበት 60 ሜትር ላይ፣ የሚታየው ጥላ ብቻ ነበር።

ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው አጠቃላይ የብርሃን መጠን እንጂ ብርሃኑ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ለሩቅ ዒላማ የሚያስፈልገው በአንድ አቅጣጫ የተሰበሰበው ጥንካሬ ሲሆን መለኪያውም ካንዴላ ነው፤ ዒላማው ላይ የሚያርፈው ብርሃን፣ ማለትም ሉክስ፣ የሚገኘው ካንዴላውን በርቀቱ ካሬ በማካፈል ነው። ያ የመጀመሪያ መብራት ብርሃኑን በሰፊው ስለሚበትን በዝርዝር መግለጫው የሰፈረው ጥንካሬ 6,400 ካንዴላ ብቻ ነበር። በ60 ሜትር ይህ ከ2 ሉክስ በታች ነው። አምራቾች በማሸጊያው ላይ የሚጽፉት የብርሃን ርቀትም በዚሁ ስሌት የሚሠራ ሲሆን፣ የርቀቱ ወሰን የሚባለው ብርሃኑ ሩብ ሉክስ፣ ማለትም የሙሉ ጨረቃን ያህል፣ የሚሆንበት ቦታ ነው። ስለዚህ ማሸጊያው «160 ሜትር» ሲል በ160 ሜትር ላይ እንስሳ ለይቶ መተኮስ ይቻላል ማለቱ አይደለም። ለመለየት ከዚያ ብዙ እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል።

ተኳሹ ይህን ሲረዳ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። ሁለተኛው መብራት ሰፊ አንጸባራቂ ያለው፣ ብርሃኑን በቀጭኑ የሚወረውርና ጥንካሬው 90,000 ካንዴላ የሆነ ነጭ መብራት ነበር፤ በስሌቱ መሠረት የብርሃን ርቀቱ 600 ሜትር ነው። ከመነጽሩ በላይ ሲገጠም ሽቦውን አልፎ የምሥራቁን ግድግዳ እንደ ቀን አሳየ። በዚያ ብርሃን 150 ሜትር ላይ የተቀመጠ ጥንቸል በግልጽ ይታይ ነበር፤ ችግሩም ከዚያ ጀመረ። ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚበረው የ.22 ጥይት 50 ሜትር ላይ ተስተካክሎ ከሆነ፣ 100 ሜትር ሲደርስ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ ይብሳል፣ ነፋስም እንደልቡ ይወስደዋል። መብራቱ ጥይቱ በአግባቡ የማይደርስበትን እንስሳ እያሳየ ተኳሹን ይጋብዘው ነበር። የቆሰሉ ጥንቸሎች ጉድጓዳቸው ገብተው ሲሞቱ የሚታየው ጠዋት በጦስኙ ላይ የቀረ ደም ነው።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ተኳሹ ብቻውን ስለሚሠራ፣ ፒክአፑን አቁሞ ጠመንጃውን በመስኮቱ ላይ ካስደገፈ በኋላ በራሱ የጠመንጃ መብራት መሬቱን ይጠርግ ነበር። ጥንቸል ፍለጋ መብራቱ ሲዞር አፈሙዙም አብሮ ይዞራል። አንድ ምሽት ብርሃኑ የምዕራቡን አጥር ተሻግሮ በጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ላይ አለፈ። እመቤቲቱ በማግስቱ ወደ እርሻው ቢሮ ደውለው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከብርሃኑ ኋላ ጠመንጃ ነበረ ወይስ አልነበረም? እርሻው ሊሰጥ የሚችለው እውነተኛ መልስ «ነበረ» የሚለው ነው። ጠመንጃው ጥይት አልጎረሰም ነበር፤ ተኳሹም ይህን በቅን ልቦና አስረዳ፤ ነገር ግን ማንኛውንም መሣሪያ የጎረሰ እንደሆነ አድርጎ መያዝ የመጀመሪያው የደኅንነት ደንብ በመሆኑ ማስረጃው ጉዳዩን የሚዘጋ አልሆነም። አደኑ ቆመ፤ እኔም የተጠራሁት በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያ አገር የእመቤቲቱ ጥያቄ ከባዶ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን ደሴት፣ በካይማናዋ የደን አካባቢ፣ በሌሊት በመብራት የሚያድን ሰው በካምፕ ሥፍራ ጥርሷን ትቦርሽ የነበረችን ወጣት መምህርት የግንባር ባትሪ የአጋዘን ዓይን መስሎት ተኩሶ ገድሏታል። በኒውዚላንድ የጦር መሣሪያ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ከሚማራቸው ሰባት ደንቦች መካከል ዒላማህን ያለአንዳች ጥርጥር ለይ የሚለው በሌሊት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሦስተኛው ምርጫ

ውሳኔው የተጀመረው ከመብራቱ ሳይሆን ከሥራ ክፍፍሉ ነው። ፍለጋና መተኮስ ተለያዩ። ከፒክአፑ ኋላ የሚቆም ሁለተኛ ሰው ብርሃኑን መቀነስና መጨመር በሚያስችል የእጅ ፓውዛ ይፈልጋል፤ የጠመንጃው መብራት የሚበራው ፓውዛ ያዡ እንስሳውን በአካል ቅርጹ ለይቶ፣ ከኋላው ግድግዳው ወይም ዳገቱ መኖሩን አይቶ፣ ይህንንም በቃሉ ከተናገረ በኋላ ነው። ይህ ከተወሰነ በኋላ የጠመንጃው መብራት ሥራ በጣም ጠበበ፦ ቀድሞ የታወቀን እንስሳ፣ ቀድሞ በተፈቀደ አቅጣጫ፣ ለጥቂት ሰከንድ ማሳየት። ለዚህ 600 ሜትር የሚወረውር መብራት አያስፈልግም። እንዲያውም እኔ የተከራከርኩት አለመወርወሩ ራሱ ጥቅም ነው ብዬ ነው።

የርቀት ወሰኑ 60 ሜትር ሆኖ ተቆረጠ። ጥይቱ እስከዚያ ድረስ በመነጽሩ ውስጥ ከሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀለኛ መስመር ብዙም አይለይም፤ ፍጥነቱ ዝቅ ያለውና ጫፉ ክፍት የሆነው ጥይትም ጥንቸልን በዚያ ርቀት በአንድ ምት ይገድላል። ከዚያ ወደኋላ በመሄድ ምን ያህል ብርሃን እንደሚበቃ ታየ። መነጽሩን 9 እጥፍ ላይ ማድረግ ጥንቸሉን ያጎላል፤ ነገር ግን የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር በማጉሊያው ቁጥር ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 4.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ በጨለማ የሰፋ የወጣት ዓይን ግን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊቀበል ይችላል። በ6 እጥፍ ክቡ ወደ 6.7 ስለሚያድግ ያው ብርሃን ደመቅ ብሎ ይታያል። መነጽሩ 6 ላይ ተደርጎ እንዲቆይ መደረጉ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ መብራቱን እንዳሳደገ ያህል ነበር።

የተመረጠው መብራት በራሱ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ያለው፣ 16,000 ካንዴላ የሆነ ነው። በ60 ሜትር ላይ ከ4 ሉክስ በላይ ያሳርፋል። በተፈጥሮው ቀይ መሆኑ ላይ ጥቂት ልዘግይ። ብዙ ሰው ነጭ መብራት ገዝቶ ቀይ መስታወት ይደፋበታል፤ ነገር ግን ነጭ ኤልኢዲ በውስጡ ሰማያዊ ኤልኢዲ ሆኖ ፎስፈር በተባለ የብርሃኑን ቀለም በሚለውጥ ንጥረ ነገር የተለበጠ በመሆኑ ከሚያወጣው ብርሃን ቀዩ አነስተኛው ድርሻ ነው። መስታወቱ ያን አነስተኛ ድርሻ አስቀርቶ ቀሪውን ሁሉ ይውጣል፤ ባትሪው የሚከፍለው ግን ለሙሉው ነው።

ቀይ የተመረጠበት ዋና ምክንያት ጥንቸሉና የተኳሹ የራሱ ዓይን ናቸው። ጥንቸል ለረጅሙ የቀይ ሞገድ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ በነጭ ብርሃን እንደሚደነግጠው አይደነግጥም። በሰው በኩል፣ በጨለማ የሚያዩት የዓይናችን ሕዋሳት ለአረንጓዴና ለሰማያዊ እጅግ ንቁ፣ ለቀይ ደንዛዛ ናቸው፤ ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጀውን ዝግጅት ነጭ ብርሃን በቅጽበት ሲያፈርሰው ቀዩ ብዙውን ይተውለታል። በሽቦ መካከል ደግሞ ሌላ ጥቅም ተገኘ፦ ደከም ያለው ቀይ ብርሃን ከዚንኩ ላይ ቢመለስም ዓይን የሚያጥበረብር አይደለም።

ቀዩ የሚያስከፍለውም አለ፤ ይህን ሻጮች አይናገሩም። በነጭ ብርሃን የእንስሳት ዓይን ነጸብራቅ በቀለሙ ብዙ ይናገራል፤ የበግ ዓይን ብሩህ ሆኖ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል፣ የድመት ዓይን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል፣ እንደ እነዚህ በዓይኑ ውስጥ ብርሃን የሚመልስ አንጸባራቂ ሽፋን የሌለው ጥንቸል ግን ፈዛዛ ቀላ ያለ ነጸብራቅ ብቻ ይሰጣል። በቀይ መብራት ሥር ይህ ልዩነት ጠፍቶ ሁሉም ዓይን ቀይ ይሆናል። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት በጎች፣ አንዳንዴም የቤት ድመት ባሉበት እርሻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የፍለጋው ፓውዛ ነጭ ሆኖ እንዲቀር፣ ነገር ግን በዝቅተኛ ጉልበት እንዲበራና እንስሳው ላይ የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ እንዲያርፍ ተደረገ። ነጸብራቅ ሲታይ ፓውዛ ያዡ የሚያውቀው እዚያ አንድ ነገር መኖሩን ብቻ ነው፤ ጆሮው፣ የጀርባው ጉብታና አካሄዱ እስኪታይ ድረስ እንስሳው ስም የለውም።

በዚህ ሥራ ላይ ከተመደቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ቀይ ቀለም ለማየት ዓይኑ የደከመ መሆኑም በሙከራው ታወቀ። ለሌላው በ60 ሜትር ግልጽ የነበረው ሥዕል ለእርሱ ጥቁር ነበር። የቀለም እይታ ችግር በአውሮፓውያን ዘር ወንዶች ዘንድ ከ12 ወንዶች በአንዱ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ይህ የሚያስገርም አልነበረም፤ እርሱ ነጩን ፓውዛ ያዘ፣ ሌላው ጠመንጃውን።

በሙቀት የሚያይ መነጽር ለምን አልተገዛም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ዋጋው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን መሣሪያው ሞቃቱን እንስሳ አጉልቶ ሲያሳይ ከኋላው ያለውን ቀዝቃዛ ነገር፣ ለምሳሌ የመስኖ ቱቦን ወይም ድንጋይን፣ በዚያው መጠን አለማሳየቱ ነው፤ በዚህ መሬት ደግሞ ከኋላ ያለው ነገር ከፊት ካለው እኩል ይታሰብበታል።

አገጣጠሙ

መብራቱ የተገጠመው በቀን፣ በጠረጴዛ ላይ፣ ጥይት ሁሉ በሌላ ክፍል ተቆልፎ፣ የጠመንጃው መቀርቀሪያም ወጥቶ ነው። ቦታው ከመነጽሩ በላይ፣ በመነጽሩ ቱቦ ላይ፣ ከማስተካከያው ጉልላት ፊት ሆነ። ምክንያቱ ጂኦሜትሪ ነው። ከዚያ ላይ የመነጽሩ ሰፊ የፊት ጫፍ ወደ ታች የሚወርደውን የብርሃን ጠርዝ ስለሚጋርደው የአፈሙዙ በርሜልና ድምፅ መቀነሻው አይበሩም፤ በመጀመሪያው መብራት ጊዜ የታየው ነጭ ጭጋግ ከፊሉ ከእነርሱ የመጣ ነበር። የቀረውን ጥቂት ነጸብራቅ የድምፅ መቀነሻውን ጀርባ በማያንጸባርቅ ጥቁር ጨርቅ ቴፕ በመሸፈን ማስወገድ ተቻለ።

መብራቱን በበርሜሉ ላይ ማሰር ከመጀመሪያውም አልታሰበም፤ በርሜል ሲተኮስ ይንቀጠቀጣልና ክብደት ሲታከልበት ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። በመነጽሩ ቱቦ ላይ ማሰርም ያለጥንቃቄ አይሆንም። ቱቦው 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው፤ ለ30 ሚሊ ሜትር የተሠራ ቀለበት በላስቲክ ተሞልቶ ቢታሰርበት ይንሸራተታል፣ ልክ የሆነው ቀለበት ደግሞ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ቱቦውን ይጨፈልቀዋል። ብሎኖቹ ተራ በተራ፣ በሰያፍ እየተቀያየሩ፣ የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ ከ2 ኒውተን ሜትር በማይበልጥ ጉልበት ታሰሩ። በቀለበቱና በቱቦው መካከል የገባው ስስ ላስቲክ መንሸራተትንም መቧጨርንም ይከላከላል።

የብርሃኑን መሐል ከመስቀለኛው መስመር ጋር ማስማማት አመሻሽ ላይ ተሠራ። 60 ሜትር ላይ፣ በአፈሩ ግድግዳ ፊት፣ ነጭ የተቀባ እንጨት ተተከለ፤ ጠመንጃው መቀርቀሪያው እንደወጣ በአሸዋ ከረጢት ላይ ጋደም ብሎ መስቀሉ እንጨቱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ በመብራቱ መያዣ ላይ ያሉት ሁለት የማስተካከያ ብሎኖች ብርሃኑ እንጨቱን መሐል እስኪያደርግ ድረስ ዞሩ። መብራቱ ከመነጽሩ ዘንግ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጡ ተኳሹን አስጨንቆት ነበር፤ ነገር ግን በ60 ሜትር የብርሃኑ ክብ ሁለት ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ያ ልዩነት ቦታ የለውም። ቦታ ያለው የጥይቱ መስመር ነው፤ ስለዚህ ጠመንጃው እንደገና የተስተካከለው መብራቱ ከነባትሪው ከተገጠመ በኋላ ነው። መብራቱ ሳይኖርና ኖሮ በተተኮሱት የወረቀት ዒላማዎች መካከል የታየው ልዩነት ከሳንቲም ወርድ አልበለጠም፤ ቢሆንም መብራቱን ለቀን አደን አንሥቶ ለሌሊት መመለስ ተከለከለ።

ማብሪያው ላይ ክርክር ነበር። ተኳሹ አንዴ ተጭኖ የሚቆይ ማብሪያ ይፈልግ ነበር፤ የተገጠመው ግን በግራ እጅ አውራ ጣት ሥር፣ በእጀታው ጎን ላይ የተለጠፈና ሲጫኑት ብቻ የሚያበራ የገመድ ማብሪያ ነው። ሳይታወቅ በርቶ የሚቆይ መብራት አፈሙዙን ወዳልታሰበበት ይዞ ይሄዳል፤ ሲጫኑት ብቻ የሚያበራው ግን ሰውየው ጠመንጃውን በሁለት እጁ ይዞ ለመተኮስ በተዘጋጀበት ቅጽበት ብቻ ይሠራል። ገመዱ ከመቀርቀሪያው መንገድ ርቆ በመነጽሩ እግር በኩል እንዲያልፍና በሁለት ቦታ እንዲታሰር ተደረገ። ወፍራም የክረምት ጓንት ለማብሪያው አመቺ ስላልነበረ የግራ አውራ ጣቱ ጓንት ጫፉ ተቆርጧል።

ባትሪው 18650 የተባለው፣ ዲያሜትሩ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው ሊቲየም ነው። በዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሙሉ ሆኖ ከቤት የወጣው ባትሪ በውርጭ ሌሊት ቀድሞ ይደክማል። መለዋወጫው በጃኬት የውስጥ ኪስ፣ በሰውነት ሙቀት አጠገብ፣ በፕላስቲክ መያዣው ውስጥ ሆኖ ይያዛል። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ መያዝ ጫፎቹን አገናኝቶ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል መያዣው የግድ ነው።

ከዚያ በኋላ

አደኑ ሲቀጥል ለጎረቤት እመቤቲቱ በእያንዳንዱ የአደን ምሽት አስቀድሞ በስልክ ይነገራቸው ጀመር፤ ፓውዛውም ወደ ምዕራብ እንዳይዞር በፒክአፑ አቋቋም ተወሰነ፣ መኪናው ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አዙሮ ነውና የሚቆመው። ተኩስ የሚፈቀደው በረድፎቹ ርዝመት ነው እንጂ በአግድም ረድፍ አቋርጦ አይደለም፤ አግድም የተተኮሰ ጥይት ሽቦ ወይም የብረት ቋሚ የመምታት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ የጠብታ ቱቦ ቢበሳ ደግሞ የሚታወቀው በበጋ፣ ተክሉ ሲጠወልግ ነው። ረድፎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለተዘረጉና በደቡብ መንገድ ስላለ፣ ከፊሉ እርሻ ለአደን ጨርሶ ዝግ ሆነ፤ የቀረው ከግድግዳው ሥር ያለው ረድፍ የሌለበት ዳርቻና ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳገቱ የሚያይባቸው ጥቂት ረድፎች ብቻ ናቸው።

ተኳሹ በመጀመሪያ ቅሬታ ነበረው። በትልቁ ነጭ መብራት ያያቸው የነበሩትን ሩቅ ጥንቸሎች አሁን አያያቸውም፤ በምሽቱ መጨረሻ ላይ የሚሰበሰበው ቁጥርም ለዓይን ያነሰ ነበር። ልዩነቱ የታየው በሌላ ቦታ ነው፦ የተተኮሰባቸው በቦታቸው ይቀሩ ጀመር፣ ጠዋት የሚገኝ የደም ዱካም ጠፋ። ቆስሎ ወይም ተስቶበት ያመለጠ ጥንቸል መብራትን መፍራት ይማራል፤ መብራት የተማረ ጥንቸል የበዛበት እርሻ ደግሞ በማናቸውም መሣሪያ አይታደንም።

አዳዲሶቹን ችግኞች ያዳነው ግን በዋናነት የአጥሩ ጥገና ነው። የማክሊን ቆጠራው በጸደይ ሲደገም የምሥራቁ ክፍል የፍግ ክምሮች ተራርቀው ወደ ደረጃ 3 ወርደው ተገኙ፤ ከዚህ ውስጥ የመብራቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ በዚያው ክረምት ጉድጓዶቹ በጭስ መርዝ ተዘግተው ነበርና።

በሰሜኑ ዳገት አናት ላይ የበዓል ማረፊያ ቤት ሊሠራ መሬቱ ተለክቷል። ግንባታው ሲጀመር ወደዚያ የሚያዩት ረድፎችም ከአደን ካርታው ይወጣሉ፤ ለእነርሱ የታሰበው ሽቦ አጥሩን እስከ ዳገቱ ግርጌ ማራዘም ሲሆን፣ ጠመንጃውና ቀይ መብራቱ ለምሥራቁ ዳርቻ ብቻ ይቀራሉ።